ጣሪያ የሌለው መኪና ሲገለበጥ

ይህን ጽሑፍ ለማቅረብ ያነሣሣን አንድ የሠርግ ፎቶግራፍ ነው። ባለፈው ወር ከመካከላችን አንዱ ለእኅቱ ሠርግ አዲስ አበባ ሄዶ ሲመለስ ያመጣውን ፎቶግራፍ በመኝታ ክፍላችን ተሰብስበን ስናይ፣ ሙሽራውና ሙሽሪት ጣሪያው ወደ ኋላ በታጠፈ ነጭ መኪና ውስጥ ቆመው እጃቸውን ሲያውለበልቡ ተመለከትን። ፈረንጆቹ ኮንቨርቲብል ይሉታል፤ ሲፈልጉ ሸራውን ይገልጡታል፣ ዝናብ ሲመጣ መልሰው ያለብሱታል። «ይሄ ነገር ቢገለበጥ ምን ይውጣቸዋል?» አለ አንዱ። «ጣሪያ ስለሌለው ዘለው ይወጣሉ፤ እንዲያውም ይሻላል» ሲል ሌላው መለሰ። ሦስተኛው ግን «እንደ ቲማቲም ይፈርጣሉ እንጂ ምን ዘለው ይወጣሉ!» ብሎ ሳቀ። ክርክሩ መብራት እስኪጠፋ ድረስ አላባራም። በማግሥቱ የፊዚክስ መምህራችንን ብንጠይቃቸው «ነገሩን አጣሩትና ለግድግዳ ጋዜጣው ጻፉት፤ መጻፍ ካቃታችሁ አልገባችሁም ማለት ነው» አሉን።

መጀመሪያ ነገሩ የሀብታም መኪና ጉዳይ መስሎን ነበር። ስናነብና ስንነጋገር ግን ወደ ራሳችን ተመለሰብን። ይህን የምንጽፈው ሠልጣኞች ከሸዋ ሮቢትና ከይፋት ቆላ የመጣን ነን። ከልጅነታችን ጀምሮ ወደ ገበያም ሆነ ወደ ትምህርት ቤት የተሳፈርንበትን ሁሉ ብናስታውስ ከግማሽ በላዩ ጣሪያ አልነበረውም፤ ወይ የፒካፕ ካሶኒ ነው፣ ወይ የአይሱዙ ጭነት አናት ነው፣ ወይም ሸራ የለበሰ ባጃጅ ነው። ጣሪያ የሌለው መኪና ብርቅ የሆነብን ሙሽራ ስለቆመበት ብቻ ነበር ለካ!

አካባቢውን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት እንበል። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር ላይ ሲደርስ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ብሎ ይገኛል። ጣልያን በወረራው ዘመን የፈለፈለውን ዋሻ እንዳለፈ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል፤ ከዚያም በአርማንያ በኩል ቁልቁል ተንደርድሮ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሸዋ ሮቢት ይገባል። ይህ ሁሉ ቁልቁለት 50 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ከብርድ ወደ ሐሩር፣ ከገብስ አገር ወደ ማሽላና ማሾ አገር ማለት ነው። ከሸዋ ሮቢት በኋላ መንገዱ ረጋ ብሎ በጀውሃና በሰንበቴ አድርጎ ወደ አጣዬ ይሄዳል። እኛ ተመርቀን የምንመደብባቸው ትምህርት ቤቶች አብዛኞቹ ግን ከአስፋልቱ ዳር አይደሉም። ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ በሚገነጠለው ጠጠር መንገድ፣ ደረቅ ወንዝ ተሻግሮ፣ ገደል ታኮ ነው የሚደረስባቸው። እሑድ የሰንበቴ ገበያ ሲቆም ያየ ሰው፣ በዚያ መንገድ ላይ ሕዝቡ በምን እንደሚጓዝ አይጠፋውም።

እንግዲህ ወደ ጉዳዩ እንግባ። መኪና ለምን ይገለበጣል? ይህን ለማስረዳት የክብሪት ቀፎ ይበቃናል፤ ለወደፊቱም በክፍል ውስጥ ለማስተማሪያ መርጃ ይሆነናል። ቀፎውን ጠረጴዛ ላይ በሰፊው ጎኑ አስተኙና በጣት ከጎን ግፉት። ይንሸራተታል እንጂ አይገለበጥም። አሁን ደግሞ በጠባቡ ጫፍ አቁሙትና በዚያው ጣት ወገቡ ላይ ግፉት፤ ወዲያው ይወድቃል። ልዩነቱ ምንድነው ቢሉ፣ የቀፎው ክብደት ተሰብስቦ ያለበት የሚመስለው ነጥብ፣ ማለትም የስበት ማዕከሉ፣ በመጀመሪያው ዝቅ ብሎ መሠረቱ ሰፊ ነበር፤ በሁለተኛው ግን ከፍ ብሎ መሠረቱ ጠበበ። አሁን ደግሞ አንድ ነገር እንጨምር። ቀፎውን መልሳችሁ አስተኙና ከፊቱ ማስመሪያ ዘርጉለት፤ ማስመሪያውን አጥብቃችሁ ይዛችሁ ቀፎውን ከላይኛው ጠርዙ ገፋ ስታደርጉት ተደናቅፎ ይገለበጣል። መንገድ ላይ ይህን ማስመሪያ የሚሆነው የቦይ ጠርዝ፣ ድንጋይ ወይም የመንገዱ ዳር ልል አፈር ነው።

መሐንዲሶች ይህን በቁጥር ይለኩታል። በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለውን ስፋት ግማሽ ወስደው ለስበት ማዕከሉ ከፍታ ያካፍሉታል። ለምሳሌ ያህል የጎማዎቹ ስፋት 1.5 ሜትር፣ የስበት ማዕከሉ ከፍታ 0.5 ሜትር የሆነ ትንሽ መኪና ብንወስድ፣ 0.75 ለ0.5 ሲካፈል 1.5 ይመጣል። ይህም ማለት በሜዳ ላይ መኪናውን ለመገልበጥ የክብደቱ አንድ ተኩል እጥፍ የሆነ የጎን ኃይል ያስፈልጋል ማለት ነው። ጎማ ደግሞ ደረቅ አስፋልትን ቆንጥጦ የሚይዘው በክብደቱ 0.8 ገደማ ነው። ስለዚህ ይህ መኪና ከመገልበጡ በፊት ይንሸራተታል፤ የሚያደናቅፈው ነገር ካላገኘው በቀር በእግሩ ይቆማል። አሁን ደግሞ ማዳበሪያ ጆንያ እስከ አፉ የተጫነበትን፣ ከጆንያው በላይ ሰው የተቀመጠበትን የጭነት መኪና እናስላ። የጎማዎቹ ስፋት 1.6 ሜትር፣ የስበት ማዕከሉ ከፍታ ከነጭነቱ 1.6 ሜትር ቢሆን፣ 0.8 ለ1.6 ሲካፈል 0.5 ብቻ ነው። ይህ መኪና ለመንሸራተት እንኳ ጊዜ አያገኝም፤ ጎማው አስፋልቱን ሳይለቅ መኪናው ይጋደማል። የሠርጉ ኮንቨርቲብል ዝቅ ያለና ሰፋ ያለ ስለሆነ በዚህ ስሌት ከእኛ መኪናዎች ሁሉ ይበልጣል። የመጀመሪያው መከላከያው ይኸው ነው፤ ቶሎ አለመገልበጡ።

ስለ ባጃጅም ሳናነሣ አናልፍም። «ሦስት እግር ያለው በርጩማ አይወላገድም» ይባል የለ? እውነት ነው፣ ወጣ ገባ መሬት ላይ ከአራት እግር ይልቅ ሦስት እግር ይደላደላል። ነገር ግን በሁለቱ እግሮች መካከል ባለው ጠርዝ ላይ ቁጭ ቢሉበት ይገለብጣል። ባጃጅም ፊቱ አንድ ጎማ ብቻ ስለሆነ፣ እየታጠፈ ሳለ ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ወደ ፊት በሄደ ቁጥር ደግሞ የሚያርፍበት መሠረት እየጠበበ ይሄዳል። የሸዋ ሮቢት ባጃጅ ነጂዎች ይህን በልምድ ያውቁታል፤ ፊዚክሱን ባይማሩም ኩርባ ላይ ፍሬን አይረግጡም፤ ቢያንስ ጎበዞቹ።

መገልበጡ ካልቀረ ግን፣ ውስጥ ያለው ሰው ምን ይሆናል? ባነበብነው መሠረት ሰውን የሚገድሉት ዋነኛ ነገሮች ሁለት ናቸው። አንደኛው ከላይ ያለው አካል ተጨፍልቆ የራስን ቦታ ሲወስድ ነው። ሁለተኛው ሰውየው ከመኪናው ውጭ ሲወረወር ነው። ከሁለቱም ሌላ ደግሞ ብዙ ሰው የማያስበው ሦስተኛ ነገር አለ፤ መኪናው ጀርባው ላይ ሲያርፍ ያልታሰረ ሰው በአናቱ ይወርድና የገዛ አካሉ ክብደት በአንገቱ ላይ ያርፋል። ጣሪያው ባይጨፈለቅ እንኳ አንገት ይሰበራል።

ይህን ስናነብ ሁላችንም ያሰብነው አንድ ሰው ነው። ሻምበል አበበ ቢቂላ በሮምና በቶኪዮ ማራቶንን ሁለት ጊዜ አከታትሎ ያሸነፈ ጀግና፣ መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት የሚነዳት ቮልስዋገን የተገለበጠችው በዚሁ እኛ በምንመላለስበት መንገድ፣ ሸኖ አጠገብ ነበር። በመኪናዋ ውስጥ ተይዞ ቀረ። አከርካሪው ክፉኛ ስለተጎዳ ወደ እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተወስዶ ታከመ፤ እጆቹን ለማንቀሳቀስ ቢችልም ያ በባዶ እግሩ ሮምን የረታ ሰው ዳግመኛ በእግሩ አልሄደም። በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ እንኳ በቀስት ውድድር ተካፍሏል። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐረፈ። ቮልስዋገኗ ሸራ ለባሽ አልነበረችም፤ የብረት ጣሪያ ነበራት። ስለዚህ «ጣሪያ አለው» ማለት ብቻውን መልስ እንዳልሆነ ከዚህ ተረዳን።

ታዲያ መልሱ ምንድነው? ኦስትሪያ የተወለደው የመርሴዲስ መሐንዲስ ቤላ ባሬኒ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ ያስመዘገበው ሐሳብ ነገሩን በአጭሩ ይገልጠዋል። የመኪናው ፊትና ኋላ ይሰባበር፣ ግጭቱን እየበላ ያብርደው፤ ሰው የተቀመጠበት መካከለኛው ክፍል ግን እንደ ብረት ሣጥን ቅርጹን ሳይለቅ ይቆይ። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1959 ኒልስ ቦሊን የተባለው የቮልቮ መሐንዲስ ዛሬ የምናውቀውን በደረትና በወገብ የሚያልፍ ቀበቶ አወጣ። ኩባንያውም ሌሎች አምራቾች እንዲሠሩበት ፈቀደ። ሁለቱ ሐሳቦች ተለያይተው አይሠሩም። ሣጥኑ የማይጨፈለቅ ቦታ ያዘጋጃል፤ ቀበቶው ሰውየውን በዚያ ቦታ ያቆየዋል። ሣጥን ያለ ቀበቶ ሰውን እንደ ጠጠር ያንቀጫቅጨዋል፤ ቀበቶ ያለ ሣጥን ደግሞ ሰውየውን ከሚጨፈለቀው ብረት ሥር አስሮ ማቆየት ነው።

የኮንቨርቲብል ችግር እዚህ ላይ ይመጣል። ሣጥኑ ክዳን የለውም። የጫማ ካርቶን ክዳኑን አንሥታችሁ በሁለት እጅ ጠምዝዙት፤ እንደ ጨርቅ ይጠመዘዛል። ክዳኑን መልሳችሁ ሞክሩት፤ እምቢ ይላል። ስለዚህ አምራቾቹ በጣሪያ ፈንታ ወለሉንና የጎኑን ብረት ያጠነክራሉ። የፊት መስታወቱን ግራና ቀኝ የያዙት ምሰሶዎች ውስጥ ጠንካራ የብረት ቱቦ ይከታሉ። ከወንበሮቹ በስተኋላም ቅስት ብረት ያቆማሉ። ከፊት ምሰሶው ጫፍ እስከ ኋላ ቅስቱ ጫፍ ገመድ ብንወጥር፣ የተቀመጠ ሰው ራስ ከገመዱ በታች መሆን አለበት። ሚስጥሩ በሙሉ ይኸው ነው። መኪናው ሲገለበጥ የሚያርፈው በምሰሶውና በቅስቱ ላይ እንጂ በሰው ራስ ላይ አይሆንም። የሠርጉ ሙሽሮች ግን ቆመው ነበር። ከገመዱ በላይ ናቸው፤ ቀበቶም የላቸውም። በዝግታ ስለተነዳ እንጂ ያ ሁሉ የምሕንድስና ሥራ ለእነሱ ምንም አልፈየደላቸውም።

ይህ አሠራር በአንድ ቀን የተገኘ አይደለም። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የመኪና ጣሪያ የመኪናውን ክብደት አንድ ተኩል እጥፍ እንዲሸከም በሕግ አዘዙ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ደንብ ደግሞ ለትንንሾቹ መኪናዎች ወደ ሦስት እጥፍ አሳደጉት። ጣሪያ ለሌለው መኪና ይህ ሕግ አይሠራበትም፤ ምኑ ይለካል? ያም ሆኖ አምራቾቹ የመገልበጥ ሕግ ይመጣብናል ብለው ስለሰጉ በእነዚያ ዓመታት ኮንቨርቲብል መሥራቱን እያቆሙ ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው ካዲላክ ኤልዶራዶ «የመጨረሻው» ተብሎ ተሸጠ፤ ስድስት ዓመት ሳይሞላ ግን ሌሎቹ መልሰው መሥራት ጀመሩ። ፖርሼ ግን አስቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1965 ከኋላ ሰፊ የብረት ቅስት ያለው ታርጋ የተባለውን መኪና አሳይቶ ነበር። ከሁሉም ያስደነቀን እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው መርሴዲስ ነው። ቅስቱ ተኝቶ ይቆይና መኪናው መገልበጥ መጀመሩን መሣሪያው ሲያውቅ በ0.3 ሰከንድ ውስጥ ብድግ ብሎ ይቆማል። ዐይን ጨፍኖ መግለጥ ነው እኮ!

ውጤቱስ? በአሜሪካ የመድን ድርጅቶች ያቋቋሙት የአውራ ጎዳና ደኅንነት ተቋም እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2018 የደረሱትን አደጋዎች መርምሮ በ2020 እንዳስታወቀው፣ አዳዲስ ኮንቨርቲብሎች ጣሪያ ካላቸው ወንድሞቻቸው የበለጠ ገዳይ ሆነው አልተገኙም። በተጓዙት ርቀት ልክ ሲሰላ የሹፌሮቻቸው ሞት እንዲያውም 11 በመቶ ያህል አንሶ ነበር፤ ተመራማሪዎቹ ግን ይህ ልዩነት በአጋጣሚ ሊመጣ የሚችል ነው ብለዋል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ከሞቱት ሹፌሮች መካከል ከመኪናቸው ውጭ የተወረወሩት በኮንቨርቲብል 21 በመቶ፣ ጣሪያ ባላቸው 17 በመቶ ነበሩ። ቅስቱ ራስን ያድናል እንጂ ሰውን ይዞ አያቆይም፤ መያዝ የቀበቶው ሥራ ነው።

በዚህ ጊዜ ከመካከላችን ያ «ይፈርጣሉ» ያለው ልጅ «እስቲ በቲማቲም እንፈትነው» አለ። ቲማቲም በአገራችን ችግር የለም። አራት የዱቄት ወተት ጣሳዎች ሰብስበን፣ አንደኛውን ክዳኑን ገጥመን ቲማቲሙን እንዲሁ ከተትነው። በሁለተኛው ቲማቲሙን በጨርቅ ቅዳጅ ከጣሳው ጎን ጋር አሰርነው። ሦስተኛውን ጎኑን ቆርጠን ከፈትነውና ሁለት የሽቦ ቅስት ተክለንበት ቲማቲሙን አሰርን፤ ይህ ኮንቨርቲብላችን ነው። አራተኛውን ጎኑን ከፍተን ያለ ቅስትና ያለ ማሰሪያ ተውነው፤ ይህ ደግሞ ፒካፓችን ነው። ከምግብ አዳራሹ በስተጀርባ ባለው ድንጋያማ ቁልቁለት አምስት አምስት ጊዜ ለቀቅናቸው። የታሰሩት ሁለቱም፣ ኮንቨርቲብሉ ጭምር፣ ትንሽ ከመላጥ በቀር ደኅና ወረዱ። በተዘጋው ጣሳ ውስጥ ያለ ማሰሪያ የነበረው ሦስት ጊዜ ፈረጠ። አራተኛው በመጀመሪያው ነጠራ እየወጣ ይወድቃል፤ ከአምስቱ ሁለት ጊዜ ጣሳው ራሱ ዞሮ በላዩ ሄደበት። መምህራችን አይተው «መልካም ነው፤ ነገር ግን ቲማቲም አንገት የለውም» አሉን። ልክ ናቸው።

አሁን ወደዚያ «ዘሎ ይወጣል» ወደሚለው እንመለስ። በአካባቢያችን ይህን የማይል ሰው የለም። ጭነት ላይ የሚሳፈር ሰው ሁሉ «ጋቢና ውስጥ ከመታፈን ሜዳው ይሻላል፤ አደጋ ሲመጣ ትዘላለህ» ይላል። የሚያምንበትም ያለምክንያት አይደለም፤ ዘሎ የዳነ ሰው በየመንደሩ አለ። ያልዳነው ግን ቡና ላይ ተቀምጦ አያወራልንም። ስሌቱን እንየው። ከመሬት ሦስት ሜትር ከፍታ ላይ ጆንያ አናት የተቀመጠ ሰው ሲወድቅ መሬት የሚመታው በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር ገደማ ፍጥነት ነው፤ ይህ የመኪናው የራሱ ፍጥነት ሳይጨመርበት ነው። ከዚያ የሚከፋው ደግሞ አቅጣጫው ነው። መኪና ወደ ቀኝ ሲጋደም ሰውም የሚወረወረው ወደ ቀኝ ነው፤ መኪናው ቀጥሎ የሚያርፈውም እዚያው ነው።

ይህን ያወቅነው ከመጽሐፍ ብቻ ቢሆን በወደድን ነበር። አምና ለተግባር ልምምድ ወደ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ስንሄድ አሥራ አንዳችን በፒካፕ ካሶኒ፣ ሁለት ጓደኞቻችን ከሹፌሩ ጋር ጋቢና ነበርን። ደረቅ ወንዝ ስንሻገር ዳርቻው በቀኝ ጎማዎቹ ሥር ተናደ። ፍጥነቱ የበቅሎ እርምጃ ያህል ነበር፤ ቀስ ብሎ ነው የተጋደመው። ጋቢና የነበሩት ተነባብረው ትከሻቸው ተላጠ እንጂ ሌላ ጉዳት አልደረሰባቸውም። ከካሶኒው ዘጠኛችን አሸዋ ላይ ተበትነን ልብሳችንን አራግፈን ተነሣን። የአንዱ ክንድ ተሰበረ። አንዲት እኅታችን ግን የካሶኒው ስፖንዳ እግሯ ላይ ዐረፈባት። መኪናውን በትከሻችን ቀና አድርገን እስክናወጣት ድረስ አልጮኸችም፤ «ቀስ፣ ቀስ» ትል ነበር። ሁለት ወር ተኩል ተኝታ ዘንድሮ ከእኛ በታች ካለው ክፍል ጋር ትማራለች። የሚገርመው፣ ተበትነን የተነሣነው ዘጠኛችን ታሪኩን «ዘለን አመለጥን» እያልን ስናወራው ከረምን። ማንም አልዘለለም። ጊዜም አልነበረም። አሸዋው ለስላሳ ሆኖ፣ እኛም ከግራ በኩል ተቀምጠን ስለነበር ነው። እሷ ይህን ጽሑፍ በረቂቁ አንብባ «እኔን ስትጽፉ ስፖንዳውንም ጻፉ፤ ሰው ቀኝ ጠርዝ ላይ እግሩን አንጠልጥሎ አይቀመጥ» ስላለችን ጽፈናል።

አንዳንድ ፒካፖች ከጋቢናቸው በስተኋላ የሚያብረቀርቅ ቅስት ብረት አላቸው። ያ ኮንቨርቲብሉን ያዳነው ቅስት ነው ብሎ የሚያስብ ካለ ተሳስቷል፤ አብዛኛው ለጌጥ የተሠራ ነው፤ ጠንካራ ቢሆን እንኳ ሥሩ ያለው ሰው ካልታሰረ ያው ነው። የካሶኒ ሸራ የሚወጠርበት ቀጭን ብረትም ሸራውን እንጂ መኪናውን አይሸከምም። በአንጻሩ ትራክተር ላይ ከሹፌሩ ኋላ የምናየው አራት ማዕዘን ብረት እውነተኛው ነው። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ ትራክተር ሁሉ ይህን ብረት እንዲይዝ ካዘዘች በኋላ በትራክተር መገልበጥ የሚሞተው ገበሬ ቁጥር ከዓመት ወደ ዓመት እያነሰ ሄዶ ከሞላ ጎደል ጠፍቷል። ትራክተር ማለት እንግዲህ በጣም ቀርፋፋ ኮንቨርቲብል ነው።

ጣሪያ ስላላቸውም አንድ ቃል። በአውሮፓ የአውቶቡስ አካል ጥንካሬ የሚፈተነው አውቶቡሱን 80 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ካለው መደብ ላይ በጎኑ ገልብጦ ነው። ምሰሶዎቹ የተሳፋሪውን ቦታ ሳይደፍሩ መቆም አለባቸው። የእኛን «ቅጥቅጥ» ስሙን ያወጣለት ሕዝብ በምን እንዳየው ግልጽ ነው፤ በአይሱዙ ሻንሲ ላይ በመዶሻ እየተቀጠቀጠ የተሠራ አካል ነው። ከውጭ ሲያዩት ቀለሙ ያማረ፣ ጣሪያውም የተዘጋ ነው። የምሰሶው ውፍረትና የብየዳው ጥራት ግን ከቀለሙ ሥር ነው፤ ተሳፋሪ አያየውም። ስለዚህ የምንችለውን ማየት ነው፤ ወንበሩ ወለሉ ላይ በቡሎን መታሰሩን፣ ቀበቶ መኖሩን፣ ጣሪያው ላይ ምን ያህል ጭነት እንደተከመረ። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208 ቀበቶ ማሰርን ግዴታ አደረገ፤ ካሶኒ ላይ ግን የሚታሰር ቀበቶ ከየት ይመጣል?

ባለፈው ቅዳሜ ወደ ቤተሰብ ስንወርድ ከሸዋ ሮቢት መናኸሪያ ወጥተን አንድ ፒካፕ ያዝን። ሁለታችን ጋቢና ገባን፤ ሦስተኛው ካሶኒ ላይ መውጣቱን ትቶ ቀጣዩን መኪና እጠብቃለሁ ብሎ ቀረ። ቀበቶ ብንፈልግ የለም። «ጋሼ፣ ቀበቶው የት ሄደ?» አልናቸው። «እሱማ ወንበሩን ሳለብሰው ከሥር ገባ። ማን ጠይቆኝ ያውቃል ብላችሁ ነው?» አሉና እየሳቁ ልባሱን ገለጡልን። ጎትተን አወጣነው፤ አቧራው አይጣል ነው፤ መቆለፊያው ውስጥ ደግሞ የማሾ ፍሬ ተቀርቅሮበታል። በእስክሪብቶ ጫፍ ፈልቅቀን ስንሞክረው ቀጭ ብሎ ገባ። ሹፌሩ ይህን አይተው የራሳቸውንም ከወንበራቸው ሥር ጎትተው አወጡ። የእሳቸው ግን መቆለፊያው ተሰብሯል። ሰኞ አዲስ አበባ በሚሄድ ሰው አስመጣለሁ ብለውናል።